አንድ ደቂቃ በሦስት ስልክ

ይህ የሆነው አምና፣ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ትልቅ ነገር ስለተደረገ አይደለም። ሰዎች ዛሬም አውቶቡስ ውስጥ ሲያገኙኝ «ለመሆኑ ያን ቀን ምን ነካሽ?» ስለሚሉኝ ነው። እንግዲህ ምን እንደነካኝ እጽፈዋለሁ።

ስብሰባ ላይ የምናገር ሰው አይደለሁም። ለንደን ብዙ ዓመት ብቆይም ትምህርት የጀመርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ቀን ቢሮ አጸዳለሁ፤ ማታ ኮሌጅ እገባለሁ። የሂሳብ ፈተናውን ያለፍኩት በሁለተኛው ሙከራ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል ይይዘዋል። ያልገባውን ነገር ገብቶኛል ብሎ ራሱን ነቅንቆ ማለፍ አይሆንለትም። ያችን መነቅነቅ ሌላው ሰው በልጅነቱ ትምህርት ቤት ይማራታል መሰለኝ፤ እኔን አምልጣኛለች።

እትዬ ዘይነባ ስቶክዌል ከእኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ አስራ አንድ ዓመት ሽንት ቤት አጽድተው ለሐጅ ገንዘብ አጠራቅመዋል። ነገር ግን እሳቸው ባጠራቀሙ ቁጥር የጉዞው ዋጋ ይወጣል። አምና «ትንሽ ነው የጎደለኝ፤ ጉልበቴ ግን አይጠብቀኝም» ይሉኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ናታን የሚባል ልጅ መጣ። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ንግግር የሚያውቅ፣ ንጹሕ ለባሽ ነው። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አጠገብ ባለው የመረዳጃ ማኅበራችን አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የኢንዴክስ ኦፕሽን ንግድ ያስተምር ጀመር። ያመጡትና ያስተዋወቁት የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ግርማ ናቸው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ኢንዴክስ የብዙ ትልልቅ ኩባንያዎችን ዋጋ አጠቃሎ በአንድ ቁጥር የሚያሳይ መለኪያ ነው። ኦፕሽን ደግሞ ያ ቁጥር ይወጣል ወይም ይወርዳል ብሎ ሰው ከፍሎ የሚይዘው ውል ነው። ናታን የሚነግደው በዚያው ቀን የሚያበቃውን ውል ነበር። ያሉት ከሆነ እጥፍ ይገኛል፤ ካልሆነ ገበያው ሲዘጋ የከፈሉት ሁሉ ጠፋ ማለት ነው።

ሚስጥሩ ቮልዩም፣ ማለትም የተገዛውና የተሸጠው ብዛት፣ ነው ይል ነበር። ግድግዳው ላይ ቻርቱን ያበራና ከታች የተደረደሩትን አረንጓዴና ቀይ ዘንጎች ያሳየናል። «አረንጓዴዋ ረዘመች ማለት ትልልቆቹ ገቡ ማለት ነው። እኛ ዝም ብለን እግራቸውን ተከትለን መግባት ነው።»

አራት ቅዳሜ ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። ወድጄው ነበር፤ አልዋሽም። ሳምንቱን ደግሞ ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ አነባለሁ። እዚያ አንድ ነገር ያዘኝ። ኢንዴክስ ራሱ አይገዛም፣ አይሸጥም፤ ቁጥር ነው። ታዲያ ከሥሩ የተሳለው ቮልዩም የማን ነው? ሳነብ ብዙዎቹ የስልክ አፖች የሚስሉት ዋጋው በራሳቸው ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደተነቃነቀ ቆጥረው መሆኑን አገኘሁ። ቀለሙም ቢሆን ዋጋው መውጣትና መውረዱን እንጂ ማን እንደገባ አይናገርም። ለገዛ ሁሉ የሸጠ አለ።

ይህን በአራተኛው ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ለብቻው ጠየቅኩት። ፈገግ አለ። «እትዬ፣ ብዙ አያንብቡ፤ ይምታታብዎታል» አለኝ።

በአምስተኛው ቅዳሜ እትዬ ዘይነባ ገንዘብ ያለበት ፖስታ ይዘው መጡ። ናታን በራሱ አካውንት ሊነግድላቸው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የጎደለውን ሊሞላላቸው ተስማምተዋል። ፖስታው የሚሰጠው በአቶ ግርማ ፊት ነው። እኛ ዘንድ በሽማግሌ ፊት ለተሰጠ ነገር ወረቀት አይጠየቅም፤ ደረሰኙ ሽማግሌው ነው። ስለዚህም ተቀባዩን መጠየቅ ሽማግሌውን መጠየቅ ይሆናል። ይህን ሳላውቅ አይደለም የተናገርኩት።

እትዬ ዘይነባ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ እንዲህ አሉት፦

«ልጄ፣ ቁማር ከሆነ ለሐጅ አይሆነኝም። እውነቱን ንገረኝ።»

«ቁማር በዕድል ነው እማማ። ይሄ በቮልዩም ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ቦርሳውን ከፈቱ። በአስራ አንድ ዓመት ድካማቸው ላይ፣ በሃይማኖታቸውም ላይ የተሰጣቸው መልስ ያ ብቻ ነበር። ያን መልስ ደግሞ እኔ ሳምንቱን ሙሉ ስመረምረው ከርሜአለሁ።

እጄን እንደ ተማሪ አወጣሁ። ከኋላ ሰው ሳቀ።

«ናታን፣ ፖስታው ሳይሰጥ አንድ ጥያቄ። የትናንቱን፣ የዓርቡን ረጅም ዘንግ ቁጥሩን ታነብልናለህ?»

ግድግዳው ላይ ዘንጉን ነክቶ አነበበ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ሦስት ከሠላሳ አምስት፣ የአንድ ደቂቃ ዘንግ፣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሰባ።

«ሌላ አፕ ያለው ሰው ካለ ያችኑ ደቂቃ ይክፈትልኝ።»

ሚኒካብ ታክሲ የሚነዳው ሙስጠፋ ስልኩን አወጣ። ፈልጎ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «አራት መቶ ስድስት» አለ።

«ቼክ አድርገው እስቲ» አለው ናታን።

«አድርጌአለሁ ወንድሜ። አራት መቶ ስድስት።»

ከፊት የተቀመጠችው ነርሷ ሃና ደግሞ ስልኳን ወደ እኔ አዞረች። «እኔ ጋ ኢንዴክሱ ቮልዩም የለውም። ኢምፕቲ ነው።»

ዋጋው በሦስቱም ላይ ለጥቂት ነጥብ ካልሆነ አንድ ነው። ደቂቃዋም አንድ ናት፣ ያውም ያለፈች ደቂቃ። ትልልቆቹ ግን በአንዱ ስልክ ላይ ጎርፈዋል፣ በሌላው ላይ ጥቂቶች ናቸው፣ በሦስተኛው ላይ ጭራሽ አልመጡም።

«ፊዱ፣ መረጃው የሚመጣበት ምንጭ፣ ስለሚለያይ ነው። ዋናው ቅርጹ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም» አለ ናታን።

«ሃና ስልክ ላይ ቅርጹም የለም» አልኩ።

ያን ጊዜ ነው «እርስዎ» የቀረው። «አንቺ ደግሞ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርሽው?»

«የማታ ኮሌጅ። ሂሳብ በሁለተኛው ነው ያለፍኩት።»

አቶ ግርማ ተነሡ። «ልጄ፣ እንግዳ ጠርቶ ማዋረድ ወጋችን አይደለም። ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። «አቶ ግርማ፣ የጠየቅኩት እርስዎን አይደለም። ዘንጉን ነው። ቮልዩም ውሸት ነው አላልኩም። የሚገዛና የሚሸጥ ነገር እውነተኛ ቮልዩም አለው፤ ኦፕሽኑ ራሱም አለው። እሱ እያሳየን ያለው ግን ያንን አይደለም።»

እትዬ ዘይነባ ፖስታውን ግማሹን አውጥተው ይዘውታል። ወደ ናታን ቀና ብለው፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ ጠየቁት።

«በቮልዩሙ ካልሆነ ታዲያ በምንድነው?»

ስለ ልምድ ተናገረ። ገበያው ይሰማኛል አለ። ብዙ ተናገረ።

«ይሰማኛልማ ዕድል ነው» አሉና ፖስታውን መልሰው ቦርሳውን ዘጉ።

ያጨበጨበልኝ ሰው የለም። ከሴቶቹ አንዷ በሩ ላይ «አስነወርሽን» አለችኝ። እትዬ ዘይነባም አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ ባዶ ወንበር እያለ ከፊት ሄደው ተቀመጡ። ስንወርድ ብቻ «ስንት ዓመት በሆዴ የያዝኩትን ገንዘብ አገር አየው» አሉኝ። ይህኛው አመመኝ፤ እውነታቸውን ነውና። ከዚያ ቅዳሜ አስቀድሜ፣ ቤታቸው ሄጄ ለብቻቸው ላስረዳቸው እችል ነበር። ስለዚህ እሳቸውን ይቅርታ ጠየቅኩ።

ሁለት ሳምንት አላናገሩኝም። ከዚያ አንድ እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። የአንድ የሐጅ ጉዞ አዘጋጅ ወረቀት ይዘው ቆመዋል። መጨረሻው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ብዙ ነገር አለ።

«ይሄን አንብቢልኝ። እንደዚያ ቀን አድርገሽ።»

ሁለት ሰዓት ፈጀብን። እሳቸው ገና አልሄዱም፤ የጎደለው አልሞላም። ያለው ግን አለ።

ናታን አሁን ሌላ ቦታ ያስተምራል። ያተረፉ አሉ ይባላል። ይሁን፤ ሰው በዕድልም ያተርፋል።

አቶ ግርማ ግን ማኅበሩ ፊት ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቅ ሦስት ጊዜ ሰው ልከውብኛል። በሦስተኛው በጽሑፍ መለስኩ። ወረቀቱ ላይ ቀኑን፣ ደቂቃዋን፣ የሦስቱንም ስልኮች ንባብ ጻፍኩና ከሥሩ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ሦስቱ ስልኮች ሲስማሙ ጥሩኝ፤ በእግሬ መጥቼ እጠይቃለሁ።

እስካሁን አልጠሩኝም። በዓል ሲሆን ወደዚያው አዳራሽ እሄዳለሁ፣ ሰላምታ ለሚሰጠኝ እሰጣለሁ፣ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። ደብተሬንም እይዛለሁ።