አንዴ ብቻ የጻፍኩት «ና»

ልጄ ትናንት የአማርኛ ደብተሯን ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «እማ፣ እዚህ ግጥም ውስጥ የሚደጋገመው ስንኝ የቱ ነው?» አለችኝ። የተቀረጸው እርሳሷ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ እኔን ግን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ መለሰኝ።

በደርግ ጊዜ እዚሁ ጭሮ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ እንላት ነበር፣ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። በአማርኛ የሚስተካከለኝ የለም ብዬ ልቤ አብጦ ነበር። ጎረቤታችን ጫት ነጋዴ ነበረች፤ አንድ ወንድ ልጇን ከበደሳ ገበያ አፍሰው ለውትድርና ወስደውባታል። አንድ ቆስሎ የዳነ ወታደር ወደ ግንባር ሊመለስ ሲል ልጇን እንደሚያውቀው ነገራትና፣ ደብዳቤ ልታስጽፈኝ እየሮጠች መጣች። እጇ አዲስ የተቆረጠ ጫት ይሸት ነበር።

«ጻፊ» አለችኝ። «ጫቱ አቆጠቆጠ በዪው። ኮቱ ያ ኢልማ ኮ። እህትህ ወንድ ወለደች። ኮቱ ያ ኢልማ ኮ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ኮቱ ያ ኢልማ ኮ።»

በኦሮምኛ «ልጄ ሆይ፣ ና» ማለቷ ነው። ከእያንዳንዱ ወሬ ኋላ ይቺኑ ትላለች። አይ እኔ! መምህራችን ድርሰቴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «አትደጋግሚ» ብለው ጽፈውብኝ ስለነበር፣ ወደ አማርኛ ስመልሰው «ና» የሚለውን መጨረሻ ላይ አንዴ ብቻ ጻፍኩ። እንዴት እንዳማረልኝ! ደብዳቤው በዚያው ቀን በወታደሩ እጅ ሄደ።

ከሳምንት በኋላ እኚያው መምህር ግጥም አስተማሩን። በጠመኔ ሰሌዳውን እያንኳኩ «ገጣሚው ይህን ስንኝ የሚደጋግመው ቃል አጥሮት ነው እንዴ?» አሉ። «ሌላው ሁሉ ወሬ ነው። በሆዱ ያለችው ይቺ ናት፤ ማዕከላዊ ሐሳቡን እዚህ ፈልጉ።»

ያስቀረሁባት «ኮቱ» ትዝ አለችኝ። ከክፍል እንደወጣሁ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ወደ ግንባር የሚሄድ ማንን ላገኝ! የልጁን ጦር ክፍል የሚያውቀው ያ ወታደር ብቻ ነበር።

ወራት አለፉ፤ መልስ የለም። አንድ ከሰዓት ጫቷን በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች ቀና ብላ አየችኝ።

«ኮቱ ያልኩትን ጻፍሽለት አይደል?»

«ጽፌለታለሁ።»

«ሁሉንም?»

እውነቱን ብነግራት ምን ይፈይድላታል? «ሁሉንም» አልኳት።

«እንግዲያ ሰምቶኛል» አለች፤ ፊቷ በራ። «ካልለቀቁት ነው እንጂ፣ እሱስ እንቢ አይለኝም።»

ልጁ አልመጣም። እሷም እስክትሞት ድረስ ባየችኝ ቁጥር እንደመረቀችኝ ነው።