የሞተ ሰው የለም፤ ለሽርሽር ነው

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አዲሱን ሸራ ሲዘረጋው፣ የሸራውና የናፍጣው ሽታ ባንድነት አፍንጫዬን መታኝና፣ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ ሳልወስን ደብረ ማርቆስ ባለው የእናታችን ግቢ መካከል ቆሜ ቀረሁ። ወንድሜ መኪናውን የሚያሰናዳው ልጆቹን ጮቄ ተራራ ላይ ሊያሳድር ነው፤ መሳቢያ ያለው አልጋ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ገጥሞለታል። ሁሉም ያምራል። እኔ ግን የታየኝ ሌላ መኪና ነው።

አባቴ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከቀያሾች ጋር ድንኳን ውስጥ እያደረ፣ ቤት ሲመጣ የሚያወራልን ስለ መንገዱ ሳይሆን ጠዋት ከድንኳኑ ሲወጣ ስለሚቀበለው ጉም ነበር። እኛንም አንድ ቀን እዚያ ጉም ውስጥ ሊያስነሳን ቆረጠና ከጨረታ አንድ ያረጀ ላንድሮቨር ገዛ። የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ የጣውላ አልጋ መታበት፤ ከአልጋው ሥር ለክብሪቱ፣ ለበርበሬው፣ ለእኔና ለወንድሜ ካልሲ ሳይቀር ሣጥን አበጀ፤ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ አስበይዶ የውሃ ጀሪካኖቹን በአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍሮ አሰራቸው።

እናቴ ነገሩ አልገባትም። እውነቱን ለመናገር እኔም እስከ ዛሬ በደንብ አልገባኝም። ቤት ያለው ሰው ቤቱን ቆልፎ ሜዳ የሚያድረው ወይ ንግሥ ሲሄድ ነው፣ ወይ ቤቱ ሲቃጠል፤ እኛ የቱ እንደሆንን ብትጠይቀው "ካምፕ ነው" አላት። በሰፈራችን ካምፕ ማለት ወታደር የሚሰፍርበት ስለሆነ የባሰ ግራ ተጋባች።

ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን አባቴ ሸራውን ሊሞክር ከመኪናው ጣሪያ እስከ አጥሩ ወጠረው። ከገበያ ያገኘው ሸራ የዕድራችን ድንኳን የተሰፋበት ዓይነት መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። በእኛ ሰፈር ግቢ ውስጥ ሸራ ከተወጠረ ወይ ሠርግ ነው ወይ ለቅሶ፤ ሠርግ እንደሌለን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። መጀመሪያ ጎረቤታችን እትዬ ጠጄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያሉ ገቡ፤ ከኋላቸው ሰፈሩ ተከተለ። እናቴ ከጓዳ ወጥታ ሕዝቡ ሲያለቅስ ብታይ መርዶ የመጣባት መስሏት እሷም እሪ አለች። ለካ የሚለቀስለት አባቴ ኖሯል፤ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ነውና ያልጠረጠረ አልነበረም። እሱ ዘይት ተለቅልቆ ከመኪናው ሥር ሲወጣ ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ አማተበ።

አባቴ ሳቁ እያፈነው እኔን በር ላይ አቆመኝና፣ ለሚመጣው ሁሉ "የሞተ ሰው የለም፤ ለሽርሽር ነው" በይ አለኝ። እስኪመሽ ይህንኑ ስል ዋልኩ። የሳቁም ነበሩ፣ የተቆጡም ነበሩ፤ እትዬ ጠጄ ግን ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው፣ "የፈሰሰ እንባ አይታፈስ፤ ለእናቴ ነፍስ ይሁንልኝ" ብለው ሸራው ሥር ተቀምጠው ጠላቸውን ጠጡ።

እናቴ አልሳቀችም። ባሏ በቁሙ ስለተለቀሰለት ሟርት ነው አለችና፣ ጉዞው ክረምቱ እስኪወጣ ይቆይ ተባለ።

ክረምቱ ሳይወጣ አባቴ ሥራ ቦታው ላይ ታሞ ሞተ። ዛሬ እንዲህ ባጭሩ እናገረዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የነገረኝ አልነበረም። በጠዋት አክስታችን ቤት ልከውን ከሰዓት ስንመለስ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ተወጥሮ አየሁ። ልንሄድ ነው! ብዬ ዘለልኩ። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩና ነጠላ አዘቅዝቆ ለሚመጣው ሁሉ፣ "የሞተ ሰው የለም፤ ለሽርሽር ነው" አልኩ። አንዳንዱ ቆም ብሎ ያየኛል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል፤ ተሳስተሻል ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። እትዬ ጠጄ ሲደርሱ ራሴን በነጠላቸው ሸፍነው "እሺ ልጄ፣ እሺ" እያሉ ተንሰቀሰቁ። እሺ ካሉኝ ለምን እንደሚያለቅሱ ግራ ገባኝ። ላንድሮቨሩ በኋላ ተሸጠ፤ ካልሲዎቻችንም ከነሣጥናቸው አብረው ሄዱ።

ቅዳሜ ዕለት የወንድሜ ሸራ ቀኑን ሙሉ ተወጥሮ ዋለ። አንድ ባለባጃጅ ቆም ብሎ ድንኳኑ ይከራይ እንደሆነ ጠየቀን እንጂ ሌላ የመጣ የለም። እትዬ ጠጄ ካረፉ ቆይተዋል፤ በቤታቸው የሚኖሩትን ሰዎች ስማቸውን እንኳ አላውቅም። ያኔ ሸራ ያየ ሰው የማን ለቅሶ እንደሆነ ሳይጠይቅ እንባውን ይዞ ይመጣ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የት እንደገባ አስባለሁ፣ ይናፍቀኛልም።

ሊመሽ ሲል እግሬ በሩ ላይ ወስዶ አቁሞኝ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ እንደተቀመጠች፣ "አንቺ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" አለችኝ።

"ሰው ቢመጣ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው" አልኳት።

እናቴ ሸራውን አየችው፤ መንገዱንም አየችው።

"እንግዲያው ትንሽ ቆዪ" አለችኝ።