ለወንድሙ የላከው የእግር ልክ

ጫማ ሰሪው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መብራት ከማብራቱ በፊት ስልኩን ያወጣል። የታናሽ ወንድሙን ድረ ገጽ ይከፍትና ደንበኞች የጻፉትን አስተያየት ቆሞ ያነባል። «ስጠይቅ ወዲያው መለሱልኝ።» «ጠበበኝ ስላቸው ያለ ጭቅጭቅ ቀየሩልኝ።» ስለ ስፌቱ አንድም የሚያነሳ የለም። አንጀቱን የሚያሳርረው ይኸው ነው። ታናሹን መርፌ አያያዝ ያስተማረው እሱ፣ የታናሹ ስፌት ዛሬም ተረከዙ ጋ እንደሚንጋደድ የሚያውቀው እሱ፤ ገበያው ግን ወዲያ ማዶ።

እሱም ገጽ አለው። ወንድሙ ባሠራ በሳምንቱ ነው ያሠራው፤ ቅናት አላሳድር ብሎት። ገጹ ለመከፈት ያምጣል፤ ሲከፈትም ዋጋው ያምናው ነው፤ የጠየቀ ሰው መልስ የሚያገኘው ባለቤቱ ደስ ሲለው ነው። «ሥራዬ ይናገራል» ይላል። ሥራው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሏል።

አንድ ቀን የድሮ ደንበኛው፣ አዋላጅ ነርሷ፣ የወንድሙን ጫማ አድርጋ በበሩ አለፈች።

«ምነው ጠፋሽ?»

«ጻፍኩልህ እኮ። መልስህን ብጠብቅ ብጠብቅ በባዶ እግሬ ልቀር ሆነ።»

«ተረከዙ ጋ ስፌቱን አይተሽዋል?»

«ተረከዜን ማን ዞሮ ያየዋል? ቆሜ የምውለው እኔ፤ አልቆረጠመኝም።»

ያን ዕለት ምሳውን ሳይበላ ስልኩን አወጣ። በሐሰት ስም ከወንድሙ ጫማ ሊያዝ፣ ሲመጣ እንከኑን ፎቶ አንስቶ እዚያው አስተያየቱ መሐል ሊለጥፍና ደንበኞቹን ሊመልስ ቆረጠ። ማድረሻውን የጎረቤቱን የልብስ ሰፊ ሱቅ አደረገ። ገጹ «እግርዎን ወረቀት ላይ አስምረው ፎቶውን ይላኩልን» አለው። አስምሮ ላከ።

ጫማው በተባለው ቀን መጣ። ስፌቱ ተንጋዷል። ደስ ብሎት ፎቶ አነሳና ለሙከራ አጠለቀው። እሱ ለራሱ ሠርቶ አያውቅም፤ ደንበኛ ሳይወስደው የቀረ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ አጠገቧ ያለችው ጣት ላይ የወጣችው የግራ እግሩ ትንሿ ጣትም ስትቆረጠም ኖራለች። አሁን አልተነካችም። ስልኩ ጮኸ፤ የወንድሙ መልእክት ነበር።

«ጋሼ፣ ግራውን ለትንሿ ጣት አስፍቼልሃለሁ። ተስማማህ?»

የታላቁን አሮጌ ጫማ እየወረሰ ያደገ ታናሽ፣ ያቺ ጣት ቆዳውን የት እንደምታሳብጠው ከማንም በላይ ያውቃል።

ሚስቱ መልእክቱን አይታ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ስምህን ደብቀህ እግርህን ላክህለት?»

«አንቺ ደግሞ።»

«በል መልስለት። እሱ እንዳንተ አያስጠብቅም።»

ይህችኛዋ ቃል ከሁሉም ባሰችበት። ፎቶውን ገጹ ላይ ሊለጥፍ ጣቱን አነሳ፤ አዋላጇ አይታ የምትለው ታወቀው። ፎቶውን ለወንድሙ ብቻ ላከና «ስፌትህ ዛሬም ይንጋደዳል» ብሎ ጻፈ። ስልኩን ሳያስቀምጥ መልሱ ደረሰ።

«ልክ ነህ ጋሼ፣ ይቅርታ። ነገ ሰው ልኬ አስወስደዋለሁ፤ ሌላ እሠራልሃለሁ።»

«ፍጥነቱን እይልኝ» አለ ለሚስቱ፣ ፊቱ እንደ ከሰል ጠቁሮ። «ሥራ የለውም እንዴ ይሄ ሰውዬ?»

በማግስቱ ወንድሙ የላከው አድራሽ በሞተር ሳይክል መጣ። ጫማ ሰሪው ጫማውን አድርጎ ሥራ ላይ ቆሞ ነበር። አድራሹ ባዶ እጁን ተመለሰ።