የጉተማ ስጥ

ችግሩ ቀላል ይመስል ነበር። የእትዬ ብርቅዬ ሳንባ ደክሟል፤ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። ሲሊንደሩ ግን ከባድ ነው፣ በሁለት ቀን ያልቃል፣ ለማስሞላት ወረፋ አለው። ጎረቤታቸው ጉተማ ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ ፍሪጅ ሲጠግን ሃያ ዓመት ሆኖታል። አየር በየቤቱ ሞልቶ ሳለ ሰው አየር ተሸክሞ መምጣቱ አልዋጥልህ አለው።

መልሱ ለካ ከታወቀ ቆይቷል፤ ደግሞም ውብ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ኦክስጅኑ አንድ አምስተኛው ብቻ ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ናይትሮጅን ነው። የማሽላ ፍሬ የሚያካክሉ ነጫጭ ጠጠሮች አሉ። አየር በኃይል ሲገፋባቸው ናይትሮጅኑን ይዘው ያስቀሩታል፤ ኦክስጅኑ ያልፋል። ወንፊት እንደማለት ነው። ጉተማ በዚህ መንገድ ኦክስጅን ያወጡ የነበሩ፣ ተበላሽተው የተጣሉ ማሽኖችን ከቆራሌዎች ገዛ፤ ከአንዱ ሞተር፣ ከሌላው ቱቦ፣ ከሌላው ጠጠር እያወጣ ሦስት ማሽን ገጣጠመ።

ጠጠሮቹ ግን እርጥበት ጠጥተዋል። የረጠበ ጠጠር ናይትሮጅን አይዝም። ጉተማም የሰፈሩ ሰው እህል ሲረጥብበት የሚያደርገውን አደረገ፤ ሸራ ዘርግቶ በጥቅምት ፀሐይ አሰጣቸው። ስጡን የጠበቁት እትዬ ብርቅዬ ራሳቸው ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ረጅም ዱላ ይዘው።

«ጉቴ፣ ዶሮ ብትለቅመውስ? እንቁላሏ ይተነፍሳል?» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ሳል ሳቃቸውን እስኪያቋርጠው።

በአራተኛው ቀን ማሽኑን አስነስቶ የቱቦውን ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተተው። ውሃው ተንተከተከ። ጎረቤቱ ሁሉ እልል አለ። አንዱን ማሽን ለእትዬ ብርቅዬ፣ ሁለቱን ደግሞ እንደሳቸው ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው፣ ቆሼ አጠገብ ለሚኖሩት ለወይዘሮ ተሻለችና ሳንሱሲ ላሉት ለጋሽ መዝገቡ ሰጠ።

ሆስፒታል ውስጥ ቴክኒሻን የሆነው ወዳጁ ደግፌ፣ መለኪያ አለኝ፣ አምጣውና ከመቶ ስንት ኦክስጅን እንደሚያወጣ እንየው ብሎት ነበር። ጉተማ እሺ እያለ ቆየ። የወረዳው የፈጠራ ውድድር ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሰው ያዳነ ማሽን ይዞ መቅረብ ፈልጓል። ቁጥሩ ዝቅ ቢልስ የሚለው ጥያቄ በልቡ ነበር። የቆየው መልሱን ላለመስማት ነው።

አንድ እሁድ ጠዋት የእትዬ ብርቅዬ ልጅ ሄቨን ጠራችው። የእናቷ ከንፈር ጠቁሯል፤ ታክሲ ደጅ አስቁማለች። ጉተማ ገባና ፊታቸውን ሳይሆን ጠርሙሱን አየ።

«ውሃው ይንተከተካል እኮ፣ ሄቨን። እየሠራ ነው። ትንሽ ጠብቂ።»

አመነችው፤ ታክሲውን አሰናበተችው። ሰባት ሰዓት ላይ ሌላ ታክሲ ሲጠሩ ዘግይቶ ነበር። እትዬ ብርቅዬ ሆስፒታል በር ላይ አረፉ።

ከሠልስቱ በኋላ ደግፌ ማሽኑን ለካው። ከመቶ ሃያ ሁለት። ዘጠና መድረስ ነበረበት፤ እንግዲህ የደጅ አየር ነው ማለት ነው። እነዚያ ጠጠሮች ከሦስት መቶ ዲግሪ ያላነሰ ሙቀት ካላገኙ የጠጡትን እንደማይለቁ ደግፌ ቀስ ብሎ አስረዳው። ፀሐይ እህል ያደርቃል እንጂ እነሱን አያደርቅም።

ጉተማ ያወቀውን ሁሉ ሳይደብቅ ለሄቨን ነገራት። አልጮኸችበትም።

«ጋሼ፣ ማየት የነበረብህ እማዬን ነበር» አለችው።

ውድድሩ ላይ አልቀረበም። ወይዘሮ ተሻለች ማሽኑን ሳይከራከሩ መለሱለት። ጋሽ መዝገቡ ግን እምቢ አሉ። በማሽኑ ተማምነው ሲሊንደራቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። መለኪያ ወስዶ ቁጥሩን ቢያሳያቸውም አልተቀበሉትም።

«አንተው ነህ ውሃው ከተንተከተከ ይሠራል ያልከኝ» አሉት፤ በየቃሉ መሐል ትንፋሽ እየሰበሰቡ። «ምቀኛ መክሮህ ይሆናል።»

ዛሬ ጋሽ መዝገቡ ቤት ሲመለስ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ደግፌ ደጅ የቆመው ታክሲ ውስጥ ሙሉ ሲሊንደር ይዞ ይጠብቃል። ጉተማ ግማሽ ጠርሙስ ውሃና አንድ ስትሮ ይዞ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሽ መዝገቡ፣ ይህቺን ብቻ ይዩልኝ» አለና ስትሮውን ውሃው ውስጥ ነክሮ ነፋ።

ውሃው ተንተከተከ።

ሽማግሌው መጀመሪያ ይህን ጠርሙስ፣ ቀጥሎ የማሽኑን ጠርሙስ አዩ። ጉተማ ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ይነፋል። ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ አይደለም፤ ጋሽ መዝገቡ ከንፈር ላይ ነው።