ሳልተረጉም ያስቀረሁት የየኔታ ቃል

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለንስሐ ስንበረከክ የዋሸሁትን፣ የተቆጣሁትን፣ የሻርኩትን ጾም እናገራለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬ አልፋለሁ። አሁን አርጅቻለሁ። እናንተ የምታነቡት እንደ ነፍስ አባት ሆናችሁ ስሙኝ፤ ግን አትራሩልኝ።

በጥልያን ጊዜ ደብረ ታቦር ላይ በነበረ የሕክምና ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። የጥልያኑን ቋንቋ ከወታደሮቻቸው ጋር ስውል ለቃቅሜ ነው የተማርኩት። ፊደሉንና ዳዊቱን ግን ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ነበር የሚላቸው።

የኔታ በስተርጅና እግራቸው አበጠ፤ ጥቂት እንደተራመዱም ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ጀመር። ልጃቸው ጥሩነሽ በበቅሎ አስቀምጣ አመጣቻቸው። የመጀመሪያው ሐኪም የልብ ጠብታ በብልቃጥ ሰጣቸውና ትንሽ ተሻላቸው። ከወራት በኋላ ያ ሐኪም ተዛውሮ ሌላ መጣ። በዚህ መሐል የኔታ ጠብታውን ሳይተዉ፣ ያገር መድኃኒት አዋቂ የሰጣቸውንም ሥር ቀቅለው ይጠጡ ነበር። ኮሶውንም እንደ ልማዳቸው በየሁለት ወሩ ይወስዳሉ። ሽማግሌ ሲታመም ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ አንድ መድኃኒት ይጨምራል፤ አንዱን ይተዉት የሚል ግን አይገኝም።

አዲሱ ሐኪም መረመራቸውና፣ ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠይቃቸው አለኝ። ጠየቅኋቸው። የኔታ ምንም አልደበቁኝም። ጠብታውን፣ ሥሩን፣ ኮሶውን በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ። እኔስ ምን አልኩ? ወደ ሐኪሙ ዞሬ «ኖ፤ ምንም አይወስዱም» አልኩ።

ለምን? ከጥቂት ቀን በፊት አንዲት ሴት ኮሶ ጠጣሁ ያለችውን ስተረጉም ሐኪሙ እኔን እያየ ስቆ ነበር። ያ ሳቅ አንገበገበኝ። ባገሬ አፈርኩ። ፈርቼ ነው ማለት ብችል ደስ ባለኝ። ማን ጠመንጃ ደገነብኝ? ማንም። በሰላም ቆሜ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝን ሰው ቃል ዋጥኩት። እንዳይሳቅብኝ ብዬ ብቻ!

ሐኪሙ አመነኝ፤ የልብ ኪኒን አዘዘላቸው። ኪኒኑና የድሮው ጠብታ መልካቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ እንደሆነ፣ ሁለቱ ባንድነት ሲወሰዱ መርዝ እንደሚሆኑ፣ ኮሶው ሲጨመርማ የባሰ እንደሚሆን፣ ኋላ ነገሩ ሁሉ ካለፈ ከመድኃኒት ክፍሉ ሠራተኛ ሰማሁ። አላውቅም ነበር ልበል? እንዳውቅ ማን ጠየቀኝ? የተጠየቅሁት የሰማሁትን እንድናገር ነበር።

በሳምንቱ ጥሩነሽ ብቻዋን መጣች። እህል አልረጋላቸው ብሏል፣ ሁሉ ነገር ቢጫ ሆኖ ይታየኛል ይላሉ፣ አለችኝ። ብልቃጡን፣ ኪኒኑን፣ ሥሩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ኖሮ ፈትታ ፊቴ ዘረጋችው።

«ወንድምዓለም፣ ይኸ ሁሉ ባንድ ሆድ ይስማማል? አንዱን ላስቀርባቸው?»

ፊደል ያልቆጠረችው ሴት ትክክለኛውን ነገር ጠየቀች። ሐኪሙ ከኋላዬ ነበር፤ በሩም ክፍት ነው። ይዣት ብገባ ግን ውሸቴ ሊወጣ ነው።

«ሐኪም ያዘዘውን አንቺ አታስቀሪም» አልኳት። «ሁሉንም ስጫቸው።»

እሷም አመነችኝ። ሄዳ ሁሉንም ሰጠቻቸው። ባራተኛው ቀን የኔታ ዐረፉ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ጥልያን መርዝ አጠጣቸው አለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ጥልያን ከወጣ በኋላ ወሬው እየጸና ሄደ። እኔ ደግሞ በጠላት ቤት ሆኖ ለወገኑ ያዘነ ተባልኩ። የየኔታ ተዝካር ላይ ከቀሳውስቱ አጠገብ አስቀመጡኝ፤ በላሁ፣ ጠጣሁም። ጥሩነሽ በገዛ እጇ አጎረሰችኝ። ያን ጉርሻ እንዴት ዋጥኩት? ቃላቸውን የዋጠ ጉሮሮ ምን ያቅተዋል!

ቀናቸው ደርሶ ነው የሚለኝ አይጠፋም፤ ሽማግሌ ነበሩና። እኔም ለራሴ ይህን ብያለሁ፤ እንዳልኩም አፍራለሁ። ሰው ስላረጀ እንዳሻቸው የመድኃኒት መጣያ ያድርጉት ማለት ነው?

ጥሩነሽ ባለፈው ክረምት ሞተች። መንገር የሚገባኝ ለእሷ ነበር፤ ጎረቤቴ ነበረች፣ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እንሳለም ነበር። ዕድሜ ልኬን ሙሉ ጊዜ ነበረኝ። እውነቱን ልናገር ከተባለ፣ እንድትሞት ጠብቄያታለሁ። አሁን ይቅር በዪኝ የምላት የለችም፤ ስለዚህ ከናንተም ይቅርታ አልለምንም፤ የናንተ አይደለምና።

ልጆቿ ዛሬም አያታችንን ጥልያን ገደላቸው ይላሉ። ጥልያን በዚህ አገር ብዙ ሰው ገድሏል፤ የራሱ ግፍ ይበቃዋል። የየኔታን ደም ግን እሱ ላይ አታድርጉት፤ የእኔ ነው።