አማቴ የለቀሙት አጃ

ልጄ አራት ዓመት እስኪሞላት የምታውቀው ምግብ ሩዝ፣ ድንች፣ የጤፍ እንጀራና ጥቂት አትክልት ብቻ ነበር። ስንዴ ከቀመሰች ሰውነቷ በሽፍታ ይሞላል፣ ከንፈሯ ያብጣል። ወተትና እንቁላልም እንደዚያው ያደርጓታል። ልደት ስንጠራ ሩዟን በሳህን ይዤላት እሄዳለሁ። ሌሎቹ ልጆች ኬክ ሲሻሙ እሷ እጇን አጣጥፋ "ለእኔ አይሆንም" ትላለች፣ እንደ ትልቅ ሰው። ክብደቷም አልጨምር ብሎ ነበር።

አንድ ቀን ሐኪሟ "አጃ እንሞክርላት" አለኝ። ስንዴ የማይስማማቸው ብዙ ልጆች አጃን ይችሉታል፣ ሁሉም ግን አይደሉም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ እንዳትሰጫት፣ ገንፎውን ይዘሽ መጥተሽ እዚሁ እኛ ፊት ትቅመስ አለ። አጃው ስንዴም ገብስም ያልነካው መሆን እንዳለበትም ደጋግሞ ነገረኝ።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ይህን ሲሰሙ አጃውን ከአቦምሳ ከዘመድ አስመጡ። አጃ ከገብስና ከስንዴ ጋር ተደባልቆ እንደሚበቅል ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሁለት ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ ሰፌዳቸውን ታቅፈው አንድ በአንድ ለቀሙት። መነጽራቸውን አውልቀው ያብሳሉ፣ ደግሞ ይለቅማሉ። "አጃ ብቻውን ግን ገንፎው አይያያዝም፣ ትንሽ ገብስ ይፈልጋል" ሲሉ ሰምቻቸው በልቤ ያዝኩባቸው። እኔ ነገር ቶሎ አልረሳም።

ወፍጮ ቤት የሄድኩት እኔ ነኝ። ወረፋው እስከ በሩ ደርሶ ነበር። ፌስታሌን ያዩ አንዲት ሴት "የልጅ ገንፎ ነው? ኮቱ፣ ነይ እለፊ" አሉኝ። ሌሎቹም ጆንያቸውን እየገፉ መንገድ ለቀቁልኝ። በእኛ ወፍጮ ቤቶች ለልጅ ገንፎ የመጣ ሰው ወረፋ አይጠብቅም። እያመሰገንኩ አለፍኩ፣ ተፈጨልኝ፣ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ክሊኒክ ያጎረሷት አማቴ ናቸው፤ ከእሳቸው እጅ ካልሆነ አዲስ ነገር አትቀምስም። ሁለተኛዋን ጉርሻ ሳትጨርስ አንገቷን ማከክ ጀመረች። ከንፈሯ አበጠ፣ አስመለሳት። ሐኪሙ ወዲያው መርፌ ወጋትና ትንሽ ቆይታ ተረጋጋች። እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ገብስ ቀላቅለውበታል፤ በእጅዎ ሊገድሉብኝ ነው?" አልኳቸው። አማቴ ነጠላቸውን ሰብስበው ግድግዳውን ተደገፉ።

ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ "የት ነው ያስፈጫችሁት?" ሲል ጠየቀኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ከእኔ በፊት አንድ ኩንታል ስንዴ ተፈጭቶ ነበር። የስንዴው ባለቤት ጆንያውን ሲያስር አይቼዋለሁ። ወፍጮው ሳይቆም የእኔን አፈሰሱት፤ በፌስታሌ መጀመሪያ የገባው ዱቄት የሰውየው ስንዴ ነው። አጃዬ እንዴት ነጣ ብዬ እንኳን ተደስቻለሁ። ከፊቴ ምን ተፈጨ ብዬ አልጠየቅኩም። ያ ሁሉ ሰው ደግነት አሳይቶኝ እንዴት እጠይቃለሁ?

እዚያው ይቅርታ ጠየቅኳቸው። "ደንግጠሽ ነው ልጄ፣ እናት አይደለሽ" አሉኝ። እኔም በዚሁ ያለቀ መሰለኝ።

ሐኪሙ ሌላ ጊዜ እንድንሞክር ሲፈቅድ አማቴ አዲስ ሙቀጫና አዲስ ወንፊት ገዙ። አጃውን እንደገና ለቀሙ፣ ራሳቸው ወቀጡ፣ ራሳቸው ነፉ። ክሊኒክ ግን አልሄድም አሉ። እያባበልኩ በማንኪያ ጫፍ ሰጠኋት፣ ጠበቅን። ጨመርንላት፣ እንደገና ጠበቅን። እስከ እኩለ ቀን ምንም አልሆነችም። ሐኪሙ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ቀጥሉ አለን። ባጃጅ ውስጥ አቅፌያት አለቀስኩ።

በማግስቱ ቤት ገንፎውን በዘይት አቅርቤ ጠራኋት። ልጄ ማንኪያዬን ገፋችና ወደ አማቴ ዞራ "አያቴ፣ አንቺ አጉርሺኝ" አለች።

አማቴ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ከተቱ።

"እናትሽ ታጉርስሽ፣ የኔ ልጅ። እኔ እጄን ፈራሁት" አሉ።

ልጄ አፏን እንደከፈተች ጠበቀቻቸው።