በአባ ተሰማ ክንድ ላይ ያልወጣው ቁስል

ይህ የሆነው በደርግ የመጀመሪያ ዓመታት፣ የፈንጣጣ ከታቢ ሆኜ ከዳባት በተቀጠርኩበት ጊዜ ነው። ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ሳጠና ለኖርኩት ዕድሜ መነሻው እሱ ስለሆነ አልረሳውም።

ከደባርቅ ሁለት ቀን በእግር ተጉዤ ጃናሞራ ውስጥ አንዲት መንደር ገባሁ። ከገደሉ ማዶ ባለው መንደር ፈንጣጣ ገብቶ ሁለት ሕፃናት ሞተዋል። የዚህኞቹም ልጆች ቶሎ ካልተከተቡ ተራቸው ቅርብ ነበር።

መንደሩ ግን የራሱ ከታቢ ነበረው፤ አባ ተሰማ የሚባሉ ሽማግሌ። ከታመመ ሰው ቁስል ፈሳሹን ወስደው የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ጫር አድርገው ይቀቡበታል። ክንዱ ላይ ቁስል ከወጣ ያዘ ማለት ነው፤ ሰውየው ዳግመኛ በፈንጣጣ አይያዝም። አንዳንዱ ግን በዚያው ታሞ ይሞታል።

ከመንደሩ ሰዎች ጋር ብዙ ተከራክረን "እሽ፣ ይሞከር" አሉ። ምግብም ሆነ መጠጥ ሽማግሌ ሳይቀምሰው የማይነካበት አገር ነውና፣ መርፌውም በአባ ተሰማ ይጀመር ተባለ። የእኔም መድኃኒት ከያዘ በሳምንቱ ቁስል ያወጣል። እኔ ሞኙ፣ ደስ ብሎኝ ወጋኋቸው።

በሳምንቱ ሰው ተሰብስቦ ክንዳቸውን አየ። ምንም የለም።

"ውሃ ነው የወጋቸው!" አለች አንዲት እናት። ልጇን አቅፋ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እኔም ተጠራጠርኩ። መድኃኒቱን በመንገድ ፀሐይ አበላሽቶት ይሆን?

አባ ተሰማ ግን አልሄዱም። ክንዳቸውን ሲያገላብጡ ቆዩና "እኔ በልጅነቴ ተከትቤ የለም ወይ?" አሉ። "አንዴ የከተብሁትን ሰው ደግሜ ብከትበው አይወጣለትም። ሰውነቱ ያውቀዋላ! መድኃኒትህ ደህና ሁኖ ጥፋቱ የእኔ ክንድ ቢሆንስ?"

በኀፍረት ፊቴ ጋለ። በሥልጠናው ላይ ተነግሮኝ ነበር እኮ! ከአክብሮት ብዛት ከመንደሩ ሁሉ ለሙከራ የማይሆነውን ሰው መርጠናል።

ከእንግዲህ ልጁን የሚሰጠኝ አልነበረም። እሳቸው ግን አትጠገብ የምትባል የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ክንዷን ዘረጉልኝ።

"አባ፣ ባይወጣላትስ?" አልኳቸው።

"ባይወጣላት በምላጬ እከትባታለሁ። የማዶው በሽታ እንደሆን አይጠብቀንም።"

ወጋኋት፤ ያን ሳምንት ጠዋት ጠዋት ክንዷን አያለሁ። በአራተኛው ቀን ቀላ አለ፤ በሰባተኛው ቀን ፈሳሽ የቋጠረ ቁስል ሆነ። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ። አባ ተሰማ ልጅቷን አዝለው "ኑ እዩ!" እያሉ ቤት ለቤት ዞሩ። በማግሥቱ ያቺ "ውሃ ነው" ያለችው እናት ሦስት ልጆቿን ይዛ ከሁሉ ፊት ቆማ ነበር።

ስሰናበታቸው አባ ተሰማ ያዝ አደረጉኝ። "ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዓመት በሽታውን የሚያስታውሰው የትኛው ገላዬ ነው? ቆዳዬ ነው? ደሜ ነው?"

"አላውቅም" አልኳቸው።

"እኔም ሳላውቀው አረጀሁ። አንተ ግን ገና ነህ" አሉ።

ጥያቄው አላስቀምጥ አለኝ። ትምህርቴን ቀጥዬ ሕክምና ገባሁ፤ መልሱንም ከብዙ ዓመት በኋላ አገኘሁት። ዕረፍት እንደሰጡኝ ያንኑ የሁለት ቀን መንገድ በእግሬ ወጣሁ። መንደሩ ስደርስ አባ ተሰማ ካረፉ ሁለት ዓመት እንደሆናቸው ነገሩኝ።

"ደምዎ ነው፣ አባ፤ መቅኒዎም አለበት" ልላቸው ነበር። ዛሬም ለተማሪዎቼ ይህን ባስረዳሁ ቁጥር፣ መጀመሪያ መስማት የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ እያልኩ እቆጫለሁ።